ሰው አልባዋን ጀልባ ያለ ሽቦ ያዘዘው ኒኮላ ቴስላ

ከጁባ ተነስቶ ነጭ ዓባይን ይዞ ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው፣ ከሜዳው መካከል ብድግ ያለ ሾጣጣ ኮረብታ ከሩቅ ይታየዋል። ረጃፍ ነው። ስሙ መንቀጥቀጥን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል እንደወጣ ይነገራል። ድሮ ከካርቱም ሽቅብ የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጉዟቸውን የሚያበቁት እዚህ ነበር፤ ከዚህ በላይ ወንዙ ከዐለት ዐለት ስለሚጋጭ መርከብ አያሳልፍም።

በኮረብታው አቅራቢያም ሆነ በጁባ ሱቆች፣ ዛሬ ማንም ልብ የማይለው አንድ ነገር በየቀኑ ይፈጸማል። ባለሱቁ ከመቀመጫው ሳይነሳ በስልኩ ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ በር ላይ የተቀመጠው ድምፅ ማጉያ መዝፈን ይጀምራል። ዳግም ሲነካው ዝም ይላል። በስልኩና በድምፅ ማጉያው መካከል ሽቦ የለም።

ይኸው ጥበብ ከድንበሩ ማዶ ሌላ መልክ አለው። በሱዳን እ.አ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሚካሄደው ጦርነት፣ ሩቅ የተቀመጠ ሰው ቁልፍ ሲነካ የሚንቀሳቀሰው ድሮን ነው። የሰሜኑን ጦርነት ያየ ኢትዮጵያዊም የዚህን መሣሪያ ድምፅ አይረሳውም። ጦርነቱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ሱዳን ከተሻገሩት ብዙዎች፣ ስልክ ከዘመድ የሚያገናኝ፣ ሰማይ ግን የሚያስፈራ ነገር ሆኖባቸዋል።

ለዘፈኑም ለእሳቱም መነሻ የሆነው ሐሳብ በይፋ የታየው በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በአንድ የውኃ ገንዳ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ኒኮላ ቴስላ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቄሱ ልጅ

ቴስላ የተወለደው ጁላይ 10 ቀን 1856 በዛሬዋ ክሮኤሺያ፣ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው ስሚሊያን በተባለች መንደር ነው። ቤተሰቡ ሰርቦች ነበሩ። አባቱ ሚሉቲን የኦርቶዶክስ ቄስ ሲሆኑ፣ እናቱ ጁካም የቄስ ልጅ ነበሩ። እናቱ መደበኛ ትምህርት ባያገኙም የቤት መገልገያዎችን በእጃቸው ይሠሩ፣ ረጃጅም የሰርብ የጀግንነት ግጥሞችንም በቃላቸው ይይዙ ነበር። ቴስላ የማስታወስ ችሎታውንም ሆነ የፈጠራ ዝንባሌውን ከእናቱ እንደወረሰ ሲናገር ኖሯል።

ኒኮላ ገና ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ዳኔ በፈረስ አደጋ ሞተ። ቤቱን ያጨለመው ይህ ሐዘን አባትየው በቀረው ወንድ ልጃቸው ላይ ያላቸውን ተስፋ አጠነከረው፤ እንደ እሳቸው ቄስ እንዲሆንላቸው ፈለጉ። ልጁ ግን ልቡ ከማሽን ጋር ነበር። በ1873 ኮሌራ ይዞት ለወራት አልጋ ላይ ሲውል፣ ሞቱን የፈሩት አባት ከዳነ ምሕንድስና እንዲማር እንደሚልኩት ቃል ገቡለት። ዳነ፤ አባትም ቃላቸውን ጠበቁ።

በ1875 በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ የማያውቅ ተማሪ ነበር፤ በኋላ ቁማር ጠለፈውና ትምህርቱን ሳይጨርስ ቀረ። በ1881 ወደ ቡዳፔስት ሄዶ አዲስ በሚቋቋም የስልክ ማዞሪያ ሥራ አገኘ።

ሕይወቱን የለወጠው ሐሳብ የመጣለት በዚያ ከተማ ነው። እሱ እንደተረከው፣ በ1882 ከጓደኛው ጋር በመናፈሻ ሲንሸራሸር ለዓመታት ሲያብሰለስለው የኖረው እንቆቅልሽ በቅጽበት ተፈታለት፤ በበትር አሸዋ ላይ ንድፉን ሣለ። ንድፉ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ዛሬ ኤሲ በምንለው ኃይል የሚሽከረከር ሞተር ነበር። ዛሬ ከውኃ መሳቢያ ፓምፕ እስከ ፋብሪካ ድረስ ያለው ሞተር ብዙው የዚያ ንድፍ ዝርያ ነው።

ከጉድጓድ ቁፋሮ ወደ ናያጋራ

በ1884 አሜሪካ ሲደርስ በኪሱ አራት ሳንቲም ብቻ እንደነበረው ተናግሯል። በቶማስ ኤዲሰን ድርጅት ተቀጥሮ ለግማሽ ዓመት ያህል ሠራና ለቀቀ። ቀጥሎ ያቋቋመው ኩባንያም ከእጁ ወጣ፤ ባለሀብቶቹ ያለ ገንዘብ አሰናበቱት። ከ1886 ወደ 1887 በተሻገረው ክረምት፣ በኋላ የዓለምን የኤሌክትሪክ ሥርዓት የሚለውጠው ሰው በቀን ሁለት ዶላር እየተከፈለው ቦይ ይቆፍር ነበር።

በ1888 ግን ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለው ባለ ኢንዱስትሪ የሞተሩን መብት በ60 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብና አክሲዮን ተዋዋለው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ሊከፈለው ተስማሙ። ኩባንያው በገንዘብ እጦት ሲወጠር ቴስላ ይህን ክፍያ ተወው። ቢይዘው ኖሮ የት በደረሰ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይነሳል።

በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርዒት በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ደመቀ። በ1896 ከናያጋራ ፏፏቴ የተገኘው ኃይል በሽቦ ተጉዞ የባፋሎ ከተማን ማንቀሳቀስ ጀመረ። በመካከሉ፣ በማርች 1895፣ የቴስላ ቤተ ሙከራ በእሳት ጋየ። የዓመታት ማስታወሻውና መሣሪያው በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ከዐመዱ ሲነሳ ሐሳቡ ከሽቦ ወጥቶ ነበር። ኃይልንም መልእክትንም ያለ ሽቦ ማስተላለፍ ፈለገ።

ገንዳው ውስጥ ያለችው ጀልባ

በ1898 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ተካሄደ። ቴስላ ከገንዳ አጠገብ እጀታ ያለው ትንሽ ሣጥን ይዞ ቆሟል። ውኃው ላይ አንቴና የተተከለባት ትንሽ የብረት ጀልባ ተቀምጣለች። እጀታውን ሲያዞር ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች፤ ወደ ግራ ታጠፈች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ቆመች፣ መብራቷን አበራች፣ አጠፋች።

ሰዎች ሊያምኑ አልቻሉም። በውስጧ የሠለጠነ ዝንጀሮ ተደብቋል ያሉ ነበሩ፤ ቴስላ በሐሳቡ ያዝዛታል ያሉም ነበሩ። ጨዋታ ወዳዱ ቴስላ ተመልካቹ ጀልባዋን ጥያቄ እንዲጠይቃት ፈቀደ። የ64 ኩብ ሩት ስንት ነው ተብላ ስትጠየቅ መብራቷ አራት ጊዜ ብልጭ ማለቱ ይነገራል። መልሱን የሰጠችው ግን ጀልባዋ አይደለችም፤ እጀታውን የያዘው ሰውዬ ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ሣጥኑ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። በጀልባዋ ውስጥ የብረት ብናኝ የያዘ ትንሽ ቱቦ አለ። ብናኙ እንዲሁ ሲቀመጥ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም፤ ሞገዱ ሲያገኘው ግን እርስ በርሱ ይያያዝና በር ይከፍታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጥርስ ያለው ጎማ አንድ እርምጃ ይዞርና ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል ወደሚቀጥለው ሥራ ያሻግራል። ከዚያ ቱቦው ይገለበጣል፤ ብናኙ ይበተናል፤ ለቀጣዩ ትእዛዝ ዝግጁ ይሆናል።

ሌሎች ሳይንቲስቶች በእነዚያ ዓመታት ሞገድን ወሬ እንዲያደርስ ለማድረግ ይደክሙ ነበር። ቴስላ አንድ እርምጃ ቀድሞ ሞገድ ትእዛዝም ሊያደርስ እንደሚችል አሳየ። የቴሌቪዥን ሪሞት፣ በስልክ የሚታዘዝ ድምፅ ማጉያ፣ ከሩቅ የሚከፈት የመኪና በር ሁሉም የዚያች ጀልባ ታናናሾች ናቸው።

በዚያው ወር በነጭ ዓባይ ላይ

ቴስላ ለዚህ ሥራው ፓተንት የሚባለውን የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ለመጠየቅ ማመልከቻውን ያስገባው ጁላይ 1 ቀን 1898 ነው። ያን ጊዜ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን የነበረውን ሁኔታ መለስ ብሎ ማየት፣ ያለ ሽቦ መገናኘት ምን ያህል የቸገረ ነገር እንደነበር ያሳያል።

ረጃፍ ኢትዮጵያውያን ድርቡሽ ይሏቸው በነበሩት የመሐዲ ተከታዮች እጅ ለዓመታት ቆይታ፣ በፌብሩዋሪ 1897 በቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ የኮንጎ ጦር ተይዛለች። እንግሊዝ ከሰሜን እየመጣች ነው፤ ፈረንሳይ ከምዕራብ። አፄ ምኒልክም በኋላ ራስ ቢትወደድ የተባሉትን ደጃዝማች ተሰማ ናደውን ወደ ነጭ ዓባይ ልከዋል። የደጃዝማቹ ሰዎች ከፈረንሳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ጁን 22 ቀን 1898 የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ቦታ ደረሱ፤ ባንዲራም ተከሉ። ከምዕራብ ይመጣል የተባለው የፈረንሳዩ ሻለቃ ማርሻን ግን አልነበረም። ቆላው ወባና ንዳድ ነው፤ ተመለሱ። ማርሻን ከዚያ ብዙም ከማይርቀው ፋሾዳ የደረሰው ጁላይ 10 ነው።

በአሥራ ስምንት ቀን ተላለፉ። የቴስላ ማመልከቻ የገባው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው። አንድ ቃል የሚያደርስ ሞገድ ቢኖር የነጭ ዓባይ ታሪክ በሌላ መንገድ ይሄድ እንደነበር ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር አይችልም። ሁለቱ ወገኖች ግን መቅረባቸውን እንኳ ሳይተዋወቁ መለያየታቸው እውነት ነው።

ኖቬምበር 8 ቀን 1898 አሜሪካ ለቴስላ ቁጥር 613,809 የሆነውን ፓተንት ሰጠች።

ጦርነትን ያስቀራል የተባለ መሣሪያ

ቴስላ ጀልባዋን የሠራው ለጨዋታ አልነበረም። አሜሪካና ስፔን በሚዋጉበት ዓመት ነበር፤ ፈንጂ ጭና ያለ ሰው ወደ ጠላት መርከብ የምትሄድ ጀልባ አሰበ። በፓተንቱ ጽሑፍ ውስጥ ራሱ ያሰፈረው ተስፋ ግን ለዛሬ አንባቢ የሚገርም ነው። መሣሪያው እጅግ አጥፊ ስለሚሆን መንግሥታት ጦርነትን ፈርተው ዘላቂ ሰላም ይሰፍናል ብሎ ያምን ነበር። በኋላም ማሽን ከማሽን ይዋጋል፤ ሰው ከዳር ሆኖ ያያል፤ ደም አይፈስም የሚለውን ሐሳቡን አስፋፍቶ ጽፏል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል አልገዛውም። ተስፋውም አልሠመረም። ሰው አልባው መሣሪያ በመጣ ጊዜ ከአደጋ ያራቀው እጀታውን የያዘውን ሰው ነው፤ ታች ያለውን አይደለም። ቴስላ የወታደሩን ሞት ለማስቀረት ሲያስብ፣ ማሽን የሌለው ወገን ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ አላነሳም።

ሌላ ጥያቄ ግን አንስቷል፤ በዚህም ከዘመኑ ቀድሟል። ጠላት ተመሳሳይ ሞገድ ቢልክ ጀልባዋ የማንን ትእዛዝ ትሰማለች? ለዚህ መፍትሔ ብሎ፣ መሣሪያው ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ የተለያዩ ሞገዶች በአንድነት ካልደረሱት እንዳይታዘዝ አደረገ። ሁለት ቁልፍ ካልገባበት የማይከፈት ሣጥን እንደማለት ነው። ለዚህም በ1903 ፓተንቶች ተሰጡት።

ይህን መንገድ ሌሎች ቀጠሉበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942፣ የፊልም ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንትሃይል፣ ቶርፒዶን የሚመራው ሞገድ ከአንዱ ድግግሞሽ ወደ ሌላው እየዘለለ ከጠላት የሚሰወርበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገቡ። በ1994 በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ መሠራት የጀመረው ብሉቱዝም ይህንኑ የመዝለል ጥበብ ይጠቀማል። የተለመደው ብሉቱዝ በ79 መስመሮች ላይ በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ ይዘላል። ስልካችን ከድምፅ ማጉያ ጋር ልገናኝ ወይ ብሎ የሚጠይቀን፣ ሁለቱ መሣሪያዎች የጋራ ቁልፍ እንዲይዙ ነው። የቴስላ የጥንት ጭንቀት በየኪሳችን ሥራ ላይ ነው።

የፈረሰው ማማ

በ1899 ቴስላ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተራራማ ስፍራ ሄዶ ሰው ሠራሽ መብረቅ እስከመፍጠር ደረሰ። ተመልሶ በ1901 ከባለ ባንኩ ጄ ፒ ሞርጋን 150 ሺህ ዶላር አገኘና በሎንግ አይላንድ፣ ዋርደንክሊፍ በተባለ ቦታ ትልቅ ማማ ማቆም ጀመረ። ከዚያ ማማ ድምፅ፣ ሥዕልና ዜና፣ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ ኃይል ያለ ሽቦ ወደ ዓለም ሁሉ ይሄዳል ብሎ አለመ።

ማማው ገና ሳያልቅ፣ በዲሴምበር 1901፣ ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ ከቴስላው እጅግ ባነሰ ወጪ የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን እንዳሻገረ አስታወቀ። ሞርጋን ተጨማሪ ገንዘብ አልሰጥም አለ። ሥራው ቆመ፤ ዕዳው ከፍ አለ፤ ማማውም በ1917 ፈረሰ። በ1909 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ማርኮኒ ከጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር ሲካፈል፣ ቴስላ ከዕዳው ጋር እየታገለ ነበር።

ለውድቀቱ ተጠያቂው ሌላ ሰው ብቻ አልነበረም። ቴስላ ሐሳብ ሲወልድ የሚያህለው ባይኖርም የጀመረውን ወደ ገበያ ማድረስ አይሆንለትም ነበር። ኃይልን ያለ ሽቦ ለዓለም የማደል ሕልሙም በሳይንስ ሚዛን እሱ ባሰበው መንገድ የሚሠራ አልነበረም። የጀልባዋ ፓተንትም ጊዜው ሲያልፍ ምንም ሳያተርፍለት ቀረ።

ትንቢቱ ግን ቀጠለ። በ1926 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ወደፊት ሰዎች በሰደርያ ኪስ በሚገባ መሣሪያ ርቀት ሳያግዳቸው ፊት ለፊት እንዳሉ ሆነው እየተያዩ እንደሚነጋገሩ ገለጸ። ያኔ ሰባ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር፤ ከሆቴል ሆቴልም በዕዳ እየተዘዋወረ ይኖር ነበር።

ክፍል 3327

ሚስት አላገባም፤ ልጅ አልወለደም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወዳጆቹ የኒው ዮርክ እርግቦች ነበሩ፤ የታመሙትን ወደ ክፍሉ እየወሰደ ያስታምማቸው ነበር። ከ1934 ጀምሮ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ የሆቴል ኪራዩን ይከፍልለት ጀመር። ጃንዋሪ 7 ቀን 1943፣ በ86 ዓመቱ፣ በኒው ዮርከር ሆቴል ክፍል ቁጥር 3327 ውስጥ ብቻውን ሞተ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ በጁን 1943፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሬዲዮ ፓተንት ክርክር ላይ ውሳኔ ሰጠ። ከማርኮኒ ዋና ዋና የባለቤትነት ጥያቄዎች የተወሰኑት ከእሱ በፊት ቴስላን ጨምሮ ሌሎች የሠሯቸው ናቸው ሲል ውድቅ አደረጋቸው። ፍርዱ ሬዲዮን ማን ፈጠረ የሚለውን የሚዘጋ አልነበረም፤ ለቴስላ ግን የዘገየ ምስክርነት ነበር።

ንብረቱን የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወስዶ መረመረው። በኋላ ሰነዶቹ ወደ ቤልግሬድ ተላኩ፤ በ1957 ዐፅመ ቅሪቱም ተከተለ። በ1960 የዓለም የመለኪያ ጉባኤ የመግነጢስ መስክ ጥንካሬ መለኪያን በስሙ ሰየመ። ስሙን ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ግን በኤሌክትሪክ መኪና ነው።

ስምምነት ያስፈለገው ቋንቋ

ረጃፍ በታሪክ የምትታወቀው በጦርነት ብቻ አይደለም። በአፕሪል 1928 የሱዳን አስተዳደር ሹማምንት፣ ሚሲዮናውያንና የቋንቋ ሊቃውንት እዚህ ተሰብስበው ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሺሉክ፣ ዛንዴና ሌሎች የደቡብ ቋንቋዎች ለትምህርት እንዲጻፉ፣ የአጻጻፍ ሥርዓታቸውም እንዲቀራረብ መክረዋል። በዚያ ጉባኤ ላይ ውሳኔው በማን እጅ እንደነበር የአካባቢው ምሁራን እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ፤ ስለ ቋንቋቸው ሲወሰን ተናጋሪዎቹ አልተጠየቁምና።

ከቴስላ ጀልባ የሚነሳው ጥያቄም ከዚህ ብዙም አይርቅም። መሣሪያና መሣሪያ እንዲግባቡ የጋራ ቋንቋና የጋራ ቁልፍ ይፈልጋሉ፤ ቋንቋውን የሚያወጣውና ቁልፉን የሚይዘው ማን እንደሆነ ግን ማሽኑ አይነግረንም። ቴስላ በሕይወት ዘመኑ የገዛ ፈጠራዎቹን እጀታ ከእጁ አጥቷል። ኩባንያ ወሰደው፣ ዕዳ ወሰደው፣ ጦር ወሰደው።

ረጃፍ ላይ ሲመሽ ባለሱቁ ጣቱን ስልኩ ላይ ያሳርፋል፤ በር ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ዝም ይላል። ያን ጊዜ የወንዙ ድምፅ ይሰማል። የሰማዩንም ድምፅ ለማዳመጥ ቀና የሚሉ አሉ፤ ከሰሜን የመጡት።